በቆየ ዴስክቶፕ ላይ ራም መጨመር፦ ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም ስሰካበት ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ

ጥያቄ፦ ባለ ጽሕፈት ቤት፣ አዳማ

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ከተማ ፖስታ ቤት አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኅትመት ዲዛይን ሥራ እሠራለሁ። ጠዋት ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሠርግ መጥሪያ፣ የምረቃ ባነርና የሱቅ ማስታወቂያ አዘጋጃለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ስለሚበዛ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍም በዚያው ሰሞን ስለሚደራረብ፣ ኮምፒውተሬ በዚህ ወቅት ቢያስቸግረኝ የዓመቱን ገቢዬን ነው የሚነካብኝ።

የምሠራበት ማሽን ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፤ ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ ዓይነት። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590፣ ሃርድ ዲስኩ ባለ 500 ጊጋ ባይት የሚሽከረከረው የቀድሞው ዓይነት፣ ዊንዶውሱ ደግሞ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ነው። ራሙ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ጊጋ ባይት ሲሆን ባለ 4 ሁለት ፍሬ ሆኖ ተሰክቷል። ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት አራት ማስገቢያዎች ቀለማቸው ተመሳሳይ የሆኑት ሁለቱ ተይዘዋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ፎቶሾፕ ከፍቼ ትልቅ ባነር ስጀምር፣ በዚያው ላይ ደንበኛ በቴሌግራም የላከውን ፎቶ ለማውረድ ብሮውዘር ስከፍት፣ ማሽኑ ለደቂቃዎች ይደርቃል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራት ግን ያለ ዕረፍት ይበራል።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ከተማ ከሚገኝ ኮምፒውተር ቤት አንድ ባለ 8 ጊጋ ባይት ያገለገለ ራም ገዝቼ በሦስተኛው ማስገቢያ ሰካሁት። ማራገቢያው ይዞራል፣ የመክፈቻው መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ይርገበገባል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም ነገር አይመጣም። ራሙን ሳወጣው እንደ ድሮው ይነሳል። ሻጩን ስጠይቀው ራሙ ጤነኛ መሆኑንና ማዘርቦርዴ ሳይበላሽ እንዳልቀረ ነገረኝ። ማዘርቦርዱ በእርግጥ ተበላሽቷል ማለት ነው? ወይስ ራም በሚገዛበት ጊዜ ሊታይ የሚገባው እኔ ያላወቅሁት ነገር አለ? ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘቤን በግምት ማውጣት ስለማልፈልግ የምታውቁ ሁሉ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ከመብራት ኃይል ሰፈር

እህቴ፣ በራም ጉዳይ አይድከሙ። እኔ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ማሽን አለኝ፤ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ከገጠምኩበት ቀን ጀምሮ ሌላ ኮምፒውተር የገዛሁ ነው የመሰለኝ። 8 ጊጋ ባይት ራም ለጽሕፈት ቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የገዙትን ራም መልሱና በገንዘቡ ላይ ጥቂት ጨምረው ኤስኤስዲ ይግዙ።

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ፍራንኮ

እንደምን ዋሉ እህቴ። ስለ ኤስኤስዲው የተነገረው እውነትነት ቢኖረውም ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት የጠየቁትን ልመልስ። ማዘርቦርድዎ ተበላሽቷል የሚለውን እዚያው ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ማጣራት ይችላሉ። ከሁለቱ የቀድሞ ራሞች አንዱን ከቦታው ሳያነሡ ሌላኛውን ብቻ ነቅለው አዲሱን ሰክተውበት በነበረው በሦስተኛው ማስገቢያ ያስገቡት። ማሽኑ ተነሥቶ 8 ጊጋ ባይት ካሳየ ማስገቢያው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከራሙ ጋር ነው ማለት ነው።

ይህንን ሲያደርጉ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ከዚያም የመክፈቻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይቆዩ። ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ባለ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ ይደርሳል። እኔ ሥራውን ስጀምር የደንበኛ ማሽን አጥፍቼ፣ ገመዱን ሳልነቅል ራም አወጣሁና ራሙም ማስገቢያውም አብረው ሄዱብኝ፤ ከኪሴ ከፍዬ ነው የተካሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ገመዱን በእጄ ይዤ ካላየሁ ሣጥኑን አልከፍትም። እጅዎንም ራሙን ከመያዝዎ በፊት የሣጥኑን ቀለም ያልተቀባ ብረት ያስነኩት፤ በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለእኛ ባይሰማንም ለእነዚህ ቺፖች ብዙ ነው። የከተማችን ነፋስና አቧራ የታወቀ ስለሆነም ማስገቢያዎቹን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ደግሞ ንጹሕ በሆነ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ያሹና ፍርፋሪውን ያራግፉ። ሲሰኩትም በሁለቱም ጫፍ ያለው መቆለፊያ ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ እኩል ይጫኑት። አልነሳ ያለ ማሽን ይዘውልኝ ከሚመጡት ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ራሙ በአንድ በኩል ብቻ መግባቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የገዙት ራም አሁንም ካልሠራ፣ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድም ሳይቀር እዚህ ይጻፉልን። መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። ራሙ ላይ ያሉትን ጥቁር ቺፖችም በሁለቱም ገጽ ይቁጠሩልኝ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እንዳሉኝ ገመዱን ነቅዬ የድሮውን ራም ወደ ሦስተኛው ማስገቢያ አዛወርኩት፤ ማሽኑ ያለ ችግር ተነሥቶ 8 ጊጋ ባይት አሳየ። አራተኛውንም ሞከርኩት፤ እሱም ይሠራል። አዲሱን ግን በላጲስ አሽቼም፣ ደጋግሜ ሰክቼም አልነሳ አለ። ወረቀቱ ላይ «8 ጂቢ 1አርኤክስ4 ፒሲ3ኤል-12800አር» የሚል ተጽፏል። በድሮዎቹ ላይ ያለው ደግሞ «4 ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ3-12800ዩ» ነው። በአዲሱ ላይ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው 18 ቺፖች፣ ከመካከል ደግሞ ከእነርሱ የተለየ አንድ ቺፕ አለ። በድሮዎቹ ላይ ስምንት ስምንት ነው ያሉት።

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ፍራንኮ

እንግዲህ ማዘርቦርድዎ ጤነኛ ነው፤ ሻጩም ራሙ ይሠራል ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የሚሠራው ግን ለሌላ ማሽን ነው። የገዙት የሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ማሽን ራም ነው።

ጽሑፉን ከፋፍለን እንየው። «ፒሲ3» ማለት ዲዲአር3፣ ማለትም ሦስተኛው የዲዲአር ራም ትውልድ ማለት ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለችው «ኤል» በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ ማለትም በ1.35 ቮልት መሥራት እንደሚችል ትነግረናለች። መደበኛው ዲዲአር3 የሚሠራው በ1.5 ቮልት ሲሆን ባለ «ኤል» የሆኑት በ1.5ም ስለሚሠሩ በዚህ በኩል ችግር የለም። «12800» በሰከንድ 12,800 ሜጋ ባይት የማስተላለፍ አቅሙ ነው፤ ይህም ሰዎች 1600 እያሉ የሚጠሩት ፍጥነት ነውና ከማሽንዎ ጋር ይስማማል። ነገሩን ያበላሸው መጨረሻ ላይ ያለው «አር» ነው። በመጨረሻ «ዩ» ያለበት ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር፣ ለዴስክቶፕ የተሠራ ነው። «አር» ያለበት ግን ትእዛዙን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለቀሩት ቺፖች የሚያከፋፍል መካከለኛ ቺፕ አለው፤ እርስዎ ከመካከል ያዩት የተለየው ቺፕ እርሱ ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር ይህንን አሠራር ስለማያውቅ ማሽኑ ገና ከመነሻው ይቆማል።

ወረቀቱ የተላጠ ራም ቢያጋጥምዎ ደግሞ ቺፖቹን ይቁጠሩ። የዴስክቶፕ ዲዲአር3 ራም ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 16 ቺፕ ነው ያለው። 9 ወይም 18 ከሆነ ተጨማሪዎቹ ስሕተት ለማረም የተቀመጡ ናቸው፤ ያ የሰርቨር ወይም የከባድ ሥራ ማሽን ራም ነው። «ኤክስ4» የሚለውም ሌላው ምልክት ነው፤ ለእርስዎ ማሽን የሚሆነው «ኤክስ8» ነው። እዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ገበያ ላይ «ለኤኤምዲ ብቻ» (የኢንቴል ተፎካካሪ ለሆነው ፕሮሰሰር ብቻ) እየተባለ በርከስ ያለ ዋጋ የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ ባይት ዲዲአር3 አለ፤ መልኩ የዴስክቶፕ ነው፣ የቺፑም ቁጥር ትክክል ይመስላል፣ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ግን አይነሳም። የእርስዎ ፕሮሰሰር የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ስለሆነ፣ ሲገዙ «ኢንቴል አራተኛ ትውልድ ላይ ካልሠራ እመልሰዋለሁ» ብለው ከሻጩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ቢቻል ማሽኑን በባጃጅ ይዘው ሄደው እዚያው ያስሞክሩት።

ከዲዲአር4 ጋር ማምታታትም አያስፈልግም። ዲዲአር3 240 ጥርስ ሲኖረው ዲዲአር4 288 አለው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቀዳዳም ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። በጉልበት ያስገቡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ያኔ ማስገቢያው ይሰነጠቃል።

መልስ፦ መምህር፣ አዳማ

በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና አስተምራለሁ። የጠጋኙን ማብራሪያ ተማሪዎቼ ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። እኔ ደግሞ ራም ወይስ ኤስኤስዲ በሚለው ላይ ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም «8 ጊጋ ባይት ከበቂ በላይ ነው» የሚለው አነጋገር ማሽኑን ሳይመለከቱ የተሰጠ ፍርድ ነው።

እህቴ፣ እንደተለመደው ፎቶሾፑን፣ ብሮውዘሩንና የሚጽፉበትን ዎርድ ከፍተው እየሠሩ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። በሚመጣው ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ከዚያ ሚሞሪ የሚለውን ይክፈቱ። ከታች «ኮሚትድ» በሚል ቃል ሥር በሰያፍ መስመር (/) የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የከፈቷቸው ፕሮግራሞች በሙሉ እንዲያዝላቸው የጠየቁት ቦታ ነው። ይህ ቁጥር ከ8 በታች ከሆነ ራም መጨመር ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መላሽ ልክ ናቸው። ከ8 በብዙ ካለፈ ግን ትርፉን ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል ማለት ነው፤ የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት የሚበራውም ለዚህ ነው።

በሃርድ ዲስክና በራም መካከል ያለውን የፍጥነት ርቀት ልብ ይበሉ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ የተፈለገው ቦታ ከንባብ ራሱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለበት፤ ይህ ብቻውን 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ክንዱ ቦታ ለመቀየር የሚፈጀው ሲታከልበት ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይሆናል። ራም ላይ ያለ ነገር ግን 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ በሆነ ጊዜ ይደረስበታል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስኩ እጅግ ቢፈጥንም ከራም ጋር ሲነጻጸር አሁንም በብዙ መቶ እጥፍ ይዘገያል፤ ስለዚህ ራም ያጠረውን ማሽን ኤስኤስዲ ሕመሙን ያስታግስለታል እንጂ አያድነውም።

ሌላው ልነግርዎ የምፈልገው ስለ ባነሩ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አንድ ሳንቲም አያወጡም። ባነሩን በስንት ሪዞሉሽን ነው የሚሠሩት? ባለ 3 በ2 ሜትር ባነር በኢንች 150 ነጥብ ከተከፈተ 17,717 በ11,811 ነጥብ ይሆናል፤ ለኅትመት በሚሆነው ባለ አራት ቀለም አሠራር እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚይዝ አንዱ ሙሉ ሌየር (በፎቶሾፕ የሚደራረበው አንዱ የሥዕል ንብብር) ብቻውን 837 ሜጋ ባይት ያህል ይፈልጋል። አምስትና ስድስት ሌየር ሲደራረብ፣ ፎቶሾፕም ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠው ሲታከል፣ 8 ጊጋ ባይት የትም አይደርስም። ያንኑ ባነር በ72 ነጥብ ቢከፍቱት አንዱ ሌየር 193 ሜጋ ባይት ነው፤ ከሩብ ያነሰ። ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚነበብ ባነር በ72 ቢታተም ማንም ልዩነቱን አያይም። የሠርግ መጥሪያው ግን በእጅ ተይዞ ከቅርብ የሚታይ ስለሆነ 300ውን አይቀንሱበት፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነም ራሙን አያስቸግረውም።

ጠያቂዋ

መምህር፣ ባነሩን ሁልጊዜ በ150 ነበር የምከፍተው፤ አንዳንዴም ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ 300 አደርገዋለሁ። ይህንን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩን አይቻለሁ። ፎቶሾፕ፣ ብሮውዘርና ዎርድ ተከፍተው ሳለ ኮሚትድ የሚለው ሥር የመጀመሪያው ቁጥር 14.1 ነው። ራሙ 94 በመቶ ተይዟል፤ ዲስኩም 100 በመቶ ይላል። እንግዲህ ራሙ እንደሚያስፈልገኝ ተረድቻለሁ። ባለ «ዩ» የሆነውን ስገዛ አንድ ባለ 8 ይበቃኛል ወይስ ሁለት ልግዛ? አቅሜ ለጊዜው የሚፈቅደው ለአንድ ብቻ ነው።

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ፍራንኮ

14.1 ከሆነ መጨመሩ ግድ ነው። ለጊዜው አንድ ብቻ ቢገዙም ይሠራልዎታል። ፕሮሰሰርዎ ከራሙ ጋር የሚገናኘው በሁለት መስመር ነው፤ በሁለቱም መስመር ላይ እኩል ራም ሲኖር በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ያነባል፤ 12.8 የነበረው አቅም 25.6 ጊጋ ባይት በሰከንድ ይሆናል። አሁን በየመስመሩ ባለ 4 ስላለ ሚዛናቸውን ጠብቀዋል። አንድ ባለ 8 ብቻ ቢጨምሩ አንደኛው መስመር 12፣ ሌላኛው 4 ይሆናል፤ ያኔ የመጀመሪያው 8 ጊጋ ባይት በሁለቱም መስመር፣ የቀረው 8 ግን በአንዱ ብቻ ይሠራል። ፍጥነቱ በጥቂቱ ይጎድላል እንጂ ማሽኑ አያጉረመርምም፤ ዲስክ ላይ ከመጠበቅ ጋርም የሚወዳደር አይደለም። አቅም ሲገኝ ሁለተኛውን በአራተኛው ማስገቢያ ይሰኩትና 12 በ12 ሆኖ ይስተካከላል፤ ድምሩ 24 ይሆናል። ማሽኑ እስከ 32 ይቀበላል።

ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች ቢሰኩ ሁሉም በዘገምተኛው ልክ ስለሚሄዱ ባለ 12800 መሆኑን ያረጋግጡ። የፋብሪካው ስም የግድ አንድ መሆን የለበትም።

መልስ፦ ከመብራት ኃይል ሰፈር

ቁጥሩን ሳልጠይቅ መናገሬ ትክክል አልነበረም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኔ ሥራ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ነው 8 የበቃኝ። ሆኖም አንድ ነገር ይታሰብ፤ ይህ ማሽን የዊንዶውስ 11 መስፈርት አያሟላም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። አንድ ቀን ማሽኑን መቀየርዎ ስለማይቀር፣ ኤስኤስዲውን ነቅለው ወደ አዲሱ ይወስዱታል፤ ዲዲአር3 ራም ግን አዲስ ማሽን ላይ አይገባም።

መልስ፦ መምህር፣ አዳማ

ይህ ተገቢ ሐሳብ ነው። ለዚህም ነው ከ24 እንዳያልፉ የምመክረው፤ 32 ለማድረስ ደህናዎቹን ባለ 4 ራሞች አውጥቶ መጣል ለዚህ ዕድሜ ማሽን አይገባም። ያገለገለ ራም ስለሚገዙም እንደሰኩት ሥራ አይጀምሩበት። ማታ ሲዘጉ ራም የሚፈትነውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነሥተው ሙሉ ሌሊት ይተዉት፤ መብራት እንዳያቋርጠው ዩፒኤስ ላይ ይሁን። አንዲት ስሕተት እንኳ ብታሳይ ራሙን ይመልሱት። የተበላሸ ራም ማሽኑን ላያቆመው ይችላል፤ የደንበኛዎን ፋይል ግን ሲያስቀምጡት ሳይታወቅዎ ያበላሸዋል።

ጠያቂዋ

ከስድስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው። ሻጩ ወረቀቱን አሳይቼ ስለ «አር» ሳስረዳው ሳያንገራግር ራሙን ተቀብሎኝ፣ መደርደሪያው ላይ ካሉት ውስጥ አብረን ፈልገን «2አርኤክስ8 ፒሲ3ኤል-12800ዩ» የሚለውን አገኘን፤ 16 ቺፕ አለው። ማሽኑን በባጃጅ ወስጄ እዚያው ሰክተን አየነው፤ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሥቶ 16 ጊጋ ባይት አሳየ። ሌሊቱን ሙሉ በሜምቴስት86 ተፈትኖ ስሕተት ቁጥሩ 0 ነው።

ትናንት የአንድ የምረቃ ባነር ሥራ በ72 ነጥብ ከፍቼ፣ ብሮውዘሩንና ዎርዱን ሳልዘጋ ጨረስኩ። ኮሚትድ 9.3 ነበር። ዲስኩ ፋይል ሳስቀምጥ ብቻ ነው የሚበራው። ከ16ቱ ውስጥ ለፎቶሾፕ ምን ያህል ልፍቀድለት?

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ፍራንኮ

እንኳን ደስ አለዎት። ፎቶሾፕ ፕሪፈረንስ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ ከመጀመሪያው የሚመጣው 70 በመቶ ነው። ብሮውዘርና ዎርድ አብረው ስለሚከፍቱ ከዚያ አያሳልፉት፤ ሁለተኛው ባለ 8 ሲመጣ ወደ 75 ቢያደርጉት ይቻላል።